ማሽኖቹ በኪሎ

አባቴ የሽመና ማሽኖቹን በኪሎ ሊሸጥ መሆኑን የሰማሁት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው። የመጸዳጃ ቤታችን ግድግዳ ከማሽን ቤቱ ጋር የጋራ ነው፤ ማሽኖቹ ሲሠሩ የውኃ ባልዲው እንኳ እየተንቀጠቀጠ ከቆመበት ይሄዳል፣ ከወዲያ በኩል ሰው ቢጮህ አይሰማም። ያን ቀን ጠዋት ግን መብራት ስላልነበረ ከግድግዳው ማዶ የሚወራው ሁሉ አጠገቤ እንደሚወራ ሆኖ ይሰማኛል። የሚያወራው አጎቴ ሰርመድ ነው። «ይሄ የድሮ ብረት ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ብረት የት ይገኛል?» ይላል። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ «የድሮም ሆነ የዘንድሮ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያው ነው ጌታዬ። እንዲያውም የሽመና ማሽን ቅባት ይበዛዋል፣ ለቅባቱ ትንሽ እቀንሳለሁ» ይለዋል። አጎቴ ሳቀ። «ቅባቱ እኮ የወንድሜ ላብ ነው፤ እሱንም አብረህ መዝንልን።» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። የአባቴን ድምፅ ጠበቅሁ። አልተሰማም።

ቤታችን የሸማኔ ቤት ነው፤ በከተማችን በፈይሰላባድ እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነው። በመንገዱ በኩል ማሽን ቤቱ፣ ከኋላ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፣ ከላይ በሙቀት ወራት አልጋ አውጥተን የምንተኛበት ጣራ። አሥራ ሁለት ማሽኖች በሁለት ረድፍ ቆመው ያልነጣ ጥሬ ጨርቅ ይሠራሉ። ክሩ የነጋዴ ነው፣ ጨርቁም የነጋዴ ነው፣ የእኛ መሸመኑ ብቻ ነው። ማሽኖቹ ሲሠሩ ድምፅ ማውጣት ከንቱ ልፋት ስለሆነ በሠፈራችን ሰው የሚያወራው በከንፈሩ ነው። ቃሉን በአፍህ ትሠራዋለህ፣ ያየህ ያነበዋል። እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከረድፉ ማዶ ላለው አባቴ ዘይት ማለቁን ትነግረዋለች፤ እሱም ባለፈው የገዛውን የት እንዳደረሰችው ይጠይቃታል፤ ተጣልተው ይታረቃሉ፣ አንድ ቃል ሳይሰማ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ አባቴ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜም እንዲህ ማውራቱን ይመርጣል። ከዘመዶቻችን መካከል ይህን የማይችለው አጎቴ ሰርመድ ብቻ ነው። ገና በልጅነቱ ከማሽን ቤት ሸሽቶ የቦታ ደላላ ሆነ፤ ዛሬ የቤተሰቡ ሀብታም እሱ ነው።

ቁርስ ላይ ስለ ብረትም ስለ ሚዛንም የተናገረ የለም። እናቴ በቅቤ የታሸውን ቂጣ እያገላበጠች ታመጣለች፤ አጎቴ እርጎው ላይ ስኳር እየነሰነሰ ስለ ሙቀቱ ያወራል፤ አባቴ አንድ ነገር የጣለበት ይመስል ሻዩ ውስጥ አቀርቅሮ ያያል። የብረት ነጋዴው ሄዷል፤ የጠጣበት ብርጭቆ ግን መስኮቱ ላይ አለ። ማንም ሊናገር እንዳልፈለገ ሳይ እኔ ጀመርኩ።

«ኪሎው ስንት ሆነ?»

እናቴ ከምድጃው በኩል በከንፈሯ «ተይ» አለችኝ። የመለሰልኝ አጎቴ ነው።

«እንዲህ ያለ ጆሮ ይዘሽ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አለመቀጠርሽ ይገርመኛል ፕሮፌሰሯ» አለ። ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ከተመረቅሁ ወዲህ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። «ብረት ዛሬ ዋጋ አለው፣ ነገ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ሰዎቹ ከቀትር በኋላ መዶሻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኛ አሁን ሄደን የምንገዛውን ቦታ እናያለን። ነይ አንቺም፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና አገርሽን ትጎበኚያለሽ።»

«አባባ?» አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና በከንፈሩ «ልበሺና ነይ» አለኝ።

እኔ የምፈልገው አራት ማሽን ነበር። ከአሥራ ሁለቱ አራት። ሸማኔዎቻችን የሚከፈላቸው በሸመኑት ሜትር ነው፤ መብራት አንድ ሰዓት መጥቶ አንድ ሰዓት ሲሄድ ደግሞ ሜትሩም ያንኑ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አንዱ ከወንድሜ ጋር ለሥራ ባሕር ተሻግሮ ሻርጃ ገባ፣ አንዱ በሞተር ሳይክል ምግብ ያደርሳል፣ የቀሩት ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የመንገዱን በር ዘግተን የምንሠራው እኔና አባቴ ነን፤ በሩ የሚዘጋው ሃጂ ቀመሩዲን ሴት ልጁን ማሽን ላይ አቆማት እንዳይባል ነው። አባቴ ያፍርበታል። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር አላየሁም። ከማሽን የወጣ ጨርቅ ልክ እንደ ዳቦ ትኩስ መሆኑን ከሠፈራችን ውጭ ስንት ሰው ያውቃል? መወርወሪያው ከዳር ዳር ሲመላለስ ወለሉ በእግሬ ውስጥ ይመታል፤ ያ ምት ከሌለ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል። ባንኮቹ ለሥራ ማመልከቻዬ አልመለሱልኝም። አመሻሽ ላይ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሴት ልጆችን አስተምራለሁ። «ለአንድ አገር የልማት ደረጃ ወሳኝ የሆኑ ነገሮችን ዘርዝሪ» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ስለሚመጣ በቃላቸው ይይዙታል፤ የተፈጥሮ ሀብት፣ ካፒታል፣ የሠለጠነ የሰው ኃይል፣ እያሉ ይቀጥላሉ። ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ፣ ያገባሉ። እኔ አራቱን ማሽኖች ለሐኪም ቤት ፋሻ ላውላቸው ነበር ያሰብኩት። ፋሻ ሳሳ ያለ ጨርቅ ነው፣ አሮጌና ቀርፋፋ ማሽን ይስማማዋል፣ ቁስል ደግሞ በዚህ አገር አይጠፋም።

የአጎቴ መኪና ከከተማው ወጥቶ፣ የሸንኮራ አገዳውን እርሻ አልፎ አንድ በር ፊት ቆመ። ሦስት ፎቅ የሚያህል ቅስት ነው፤ በላዩ በኋላ እግራቸው የቆሙ ሁለት የጂፕሰም ፈረሶች፣ ከሥራቸው በወርቅ ቀለም «ሚላን ገነት» የሚል ጽሑፍ። ከበሩ ወደ ውስጥ ሰፊ አስፋልት አለ፤ ሄዶ ሄዶ ስንዴ የታጨደበት ማሳ ላይ ያበቃል። ቤት የለም። ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች አሉ፤ የገበሬዎች ጎሾች በችካሎቹ መካከል የተረፈውን ገለባ ይግጣሉ። የመንገዱ መብራቶች በሙሉ በርተዋል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እነሱ ግን ባዶ መንገድ ላይ በርተዋል፤ ደንበኛ የሚመጣው በቀን ስለሆነ የሚበሩትም በቀን ነው። ከሽያጭ ቢሮው ጀርባ የጭነት መኪና የሚያህል ጀኔሬተር ያጉረመርማል። በሠፈራችን ካለው ማሽን ግማሹን የሚያንቀሳቅስ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንዳንድ አገሮች ለምን እንደሚበለጽጉ፣ ሌሎቹ ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ጽፌ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ነበር። ስለ እንዲህ ያለው በር ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ቢሮው ውስጥ በረዶ የሚመስል አየርና ቀዝቃዛ ለስላሳ ሰጡን። አባቴ ጠርሙሱን ሳይጠጣ ይዞት ወጣ። አጎቴ አንድ ችካል አጠገብ አቆመን። «ይሄ ነው ጋሼ፤ ከዚህ እስከዚያ። አምና የዚህ ዋጋ ግማሽ ነበር፣ የዛሬ ዓመት እጥፍ ይሆናል። ዘይት አይፈልግ፣ መለዋወጫ አይፈልግ፣ ሠራተኛ አያኮርፍብዎት። እርስዎ ተኝተው እሱ ያድጋል።» አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በማሳው ውስጥ ተራመደ። ሰፊ ሜዳ ላይ ሆኖ ትከሻውን አሹልኮ በጎኑ ይሄዳል፣ ልክ በማሽኖቹ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ እንደሚሄደው። ከአጎቴ ጀርባ ቆምኩና አባቴ ፊቱን ወደ እኔ እስኪያዞር ጠበቅሁ። ከዚያ በከንፈሬ አናገርኩት።

«አራቱን ይተዉልኝ።»

«የትኞቹን?»

«በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ያሉትን። ደህና ናቸው እነሱ።»

አጎቴ በመሃላችን ቆሞ መስጊዱና መናፈሻው የት እንደሚሠሩ በእጁ እያሳየ ይተርካል። አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፤ አጎቴ ለእሱ የነቀነቀ መስሎታል።

«ጎረቤታችን ሸሪፍ ማሽኖቹን ሲሸጥ ስቄበት ነበር» አለኝ አባቴ። «ዛሬ ሁለት ቦታ አለው።»

«ምን ይሠራል?»

«ቁጭ ብሎ ይበላል።»

«ሥራው ምንድን ነው ነው የምልዎት።»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ሁሉም ቁጭ ብሎ ከበላ ጨርቁን ማን ይሠራዋል አባባ?»

«እሱን መንግሥት ይጨነቅበት። እኔ ያለኝ አንድ ቤት ነው።» ጠርሙሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንቺን ያስተማርኩሽ በነዚያ ማሽኖች ነው። ያስተማርኩሽም ከነሱ እንድትወጪ ነው። አሁን መልሼ እነሱኑ ልስጥሽ?»

ስለ አገር ብናወራ እረታው ነበር፤ እሱ ግን ስለ አገር አላወራም። ስለ መብራት ሂሳብ፣ ስለማይሰማ ጆሮ፣ ማሽኖቹን ይዞ ስለደኸየ ሰውና ሸጦ ስላለፈለት ሰው ነበር የሚያወራው፤ በዚያ ሁሉ ልክ ነበር። እኔ የነበረኝ ፍላጎት ብቻ ነው። ፍላጎት በከንፈር ብቻ ሲነገር ደግሞ ልመና ይመስላል፤ የሚያጠነክርበት ድምፅ የለውም።

«ክሩን ማን ይሰጥሻል?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሚያን ኢክራም። እርስዎ የሚሠሩለት ሰው።»

«ለሴት ልጅ?»

«ልጠይቀው።»

አባቴ ጎሾቹን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ከሰጠሽ አራቱን አልነካም» አለ።

አጎቴ ዞር አለ። «ሁለታችሁም ዝም አላችሁ። ገረማችሁ አይደል? መጀመሪያ ሲያዩት ሁሉም እንዲህ ዝም ይላል።»

ወደ ከተማ ስንመለስ የሰዓቱ ማማ አጠገብ አውርዱኝ አልኩ። አጎቴ በመስታወቱ አየኝ። «የክር ገበያ ምን ልታደርጊ? የምትገዥው ሻርፕ ከሆነ በሌላው በኩል ነው።» አባቴ ወደ ፊት እያየ «አውርዳት» አለ፤ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚያደርገው ሳያስበው ጮኾ። አጎቴ ሌላ ሳይጠይቅ አወረደኝ።

የክር ገበያ ሱቆች ጠረጴዛም ወንበርም የላቸውም። ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ወለል ላይ ወፋፍራም ነጋዴዎች ትራስ ተደግፈው፣ አንድ ስልክ በጆሯቸው ሌላው በጭናቸው፣ በቀኑ ዋጋ ይከራከራሉ። ጠባቡ መንገድ ላይ ስገባ ድምፁ ከሱቅ ሱቅ እየቀነሰ መጣ። ሻርፔን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁ። በግራ በኩል ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሸማኔ እንደነበሩ ወዲያው ያስታውቃል፣ ምክንያቱም እየተያዩ ያለ ድምፅ ነው የሚነጋገሩት። አንዱ በከንፈሩ «የማን ልጅ ናት?» አለ። ሌላው «የቀመሩዲን አይደለችም?» አለው። የመጀመሪያው ትንሽ አስቦ «ሞተ እንዴ?» አለ። እኔም በከንፈሬ «አልሞተም፣ ሰላም ብሏችኋል» አልኳቸው። አንደኛውን ሻዩ ትን አለው።

ሚያን ኢክራም እንደማንኛውም እንግዳ ነው የተቀበለኝ። ጫማዬን አውልቄ ከነጩ ወለል ዳር ተቀመጥኩ፤ ሻይ አዘዘልኝ፤ የአባቴን ጤና፣ የእናቴን ጉልበት ጠየቀኝ። ፂሙ በሂና ቀልቷል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። አራት ማሽን፣ ሳሳ ያለ ክር፣ የሐኪም ቤት ፋሻ፤ ሁሉንም ነገርኩት፣ ፈጠን ፈጠን ብዬ፣ ምክንያቱም ሰዎቹ መዶሻቸውን ይዘው እስኪመጡ ብዙ ጊዜ አልቀረኝም።

«ወንድምሽን ላኪዋ» አለኝ።

«ሻርጃ ነው።»

«ይመለስና ይምጣልኝ።»

«ሻርጃ ነው አልኩዎት እኮ። ማሽኑ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ አንቺን አምንሻለሁ። ክሬን ይዘሽ እንደማትጠፊ አውቃለሁ፤ የቀመሩዲን ልጅ ነሽ።» ሻዩን ማንኪያ ሳያስገባ አማሰለው፣ ብርጭቆውን እያሽከረከረ። «ግን ጨርቁ ሲበላሽ ማን ላይ ልጩህ? ይሄ ሥራ በጩኸት ነው የሚሠራው። እኔ ባባትሽ ላይ እጮሃለሁ፣ አቅላሚው በኔ ላይ ይጮሃል፣ ካራቺ ያለው ገዢ በአቅላሚው ላይ ይጮሃል። ከዚያ ሁሉም ኪሳራውን ይከፋፈላል። ባንቺ ላይ ብጮህ ይሄ ገበያ ምን ይለኛል? ካልጮህኩ ደግሞ ጨርቁ አይስተካከልም።»

«ይጩሁብኝ። ድምፅ ለምጃለሁ።»

ሳቀ፤ በእኔ ላይ ሳይሆን በነገሩ። ከዚያ የፋሻው ነገር እውነት ደስ ብሎት ስልኩን አንስቶ ለልጁ ደወለ። አንገቱን እየነቀነቀ ብዙ አዳመጠ። «ከቻይና በኮንቴይነር ይመጣል አለኝ፤ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ። ለኛ ክሩ ብቻ ከሚያወጣው ያነሰ ነው ዋጋው። የነሱ መብራት አይጠፋም ይላል።» ስልኩን በቀስታ አስቀመጠው። «እኔም ቤቴ ማሽኖች ነበሩኝ። ባለፈው ክረምት ሸጥኳቸው።»

«ምን ገዙበት?»

«ቦታ። አንድ አዲስ መንደር አለ፣ ፈረሶች ያሉበት በር ያለው።»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። «ጎረቤት ልንሆን ነው።»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። በሩ ድረስ ሸኘኝ፤ እዚያ ቆሞ ጠጋ ብሎ «ያ ማሽኑ ላይ የተወጠረው የድር ክሬ ግን ተሸምኖ ይምጣልኝ፤ ለአባትሽ ንገሪው» አለ። የገበያው ድምፅ ከኋላዬ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ወደ መንገዳችን ሳይታጠፍ የመዶሻውን ድምፅ ሰማሁ። የድሮ የሽመና ማሽን እግሩ ተቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ አይጣመምም፣ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። ሙሉውን በበር ማውጣት ስለማይቻል ቆመው በትልልቅ መዶሻ ይሰብሩታል፤ ሲሰበር ለአፍታ እንደ ደወል ይጮሃል፣ ከዚያ ድምፁ ይቆረጣል። የመንገዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስንት ጊዜ እንዳይታይ የተዘጋው ማሽን ቤት አሁን ለአላፊ አግዳሚው ተገልጦ ቆሟል፤ ሴቶች በየደጃቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያያሉ። አንደኛው ረድፍ አልቋል። ወለሉ ላይ ማሽኖቹ የነበሩበት ቦታ በጥጥ ብናኝና በዘይት ተቀርፆ ቀርቷል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሦስት ሰዎች መዶሻ ያነሳሉ። አጎቴ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሚዛኑን ይጠብቃል። አባቴ ግቢው ውስጥ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ወጥ ቤቱ አዙሮ። ድምፁን እንደማይሰማው ማንም ያስብ ነበር። እኔ ግን እግሮቹን አየሁ፤ ሁለቱንም ከወለሉ ከፍ አድርጎ የወንበሩ መርገጫ ላይ ሰቅሏቸዋል፣ ምቱ እንዳይደርሰው።

ክር እንዳላገኘሁ መናገር አላስፈለገኝም። ባዶ እጄን አይቶ ፊቱን መለሰ።

እኔ ከጠየቅኋቸው አራት ማሽኖች ሦስቱ ዓይኔ እያየ ወደቁ። አራተኛው ጋ ሲደርሱ የሰዎቹ አለቃ መዶሻውን መሬት ላይ አቆመ። በማሽኑ ላይ ድር አለ፤ ከጀርባው ጥቅሉ፣ ከፊቱ የተሸመነው ጨርቅ፣ በመካከላቸው የተወጠረው ክር። የሚያን ኢክራም ነው።

«ቁረጠውና ጨርስ» አለው አጎቴ።

«ድር ያለበትን አልመታም ጌታዬ።»

«ለምን? ይነክስሃል?»

«አልመታም አልኩ። እናቴ የሸማኔ ልጅ ናት፣ ከሰማች ቤት አታስገባኝም።»

አጎቴ ለዚህ ሁሉ ሰው አእምሮ የሚያዝን መስሎ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ መጥቶ ነበር። እኛ ዘንድ ማሽን ላይ የተወጠረ ድር አይቆረጥም፤ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ሌላ ሰው ቆሞ ይጨርሰዋል። አጎቴ ይህን ያውቃል፤ ያናደደውም ማወቁ ነው። «የሰው ክር ነው» አለ አባቴ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ። «ተሸምኖ ያልቃል።»

«መቼ ያልቃል ሃጂ?» አለ አለቃው። «ለአንድ ማሽን መኪና አላመላልስም።»

«ሲያልቅ አስደውልልሃለሁ።»

ሰዎቹ የተሰበረውን ጭነው ሄዱ። አጎቴም ሚዛኑ ደስ አሰኝቶት ከእናቴ ጋር ተሰነባብቶ ሄደ። የቀረነው እኔ፣ አባቴ፣ እናቴና አንድ ማሽን ነን፤ ማሽን ቤቱ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰፊ ክፍል ሆኗል፣ የሰርግ ድግስ ይበቃዋል። ወዲያው መብራት መጣ። ጣራው ላይ የተንጠለጠለው ማራገቢያ መዞር ጀመረ፤ ከታቹ ማንም የለም። ማሽኑ ጋ ሄድኩና ማግ የተጠቀለለበትን አዲስ ቀሰም መወርወሪያው ውስጥ አስገብቼ አስነሳሁት።

የአንድ ማሽን ድምፅ ብቻውን ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የማውቀው የአሥራ ሁለቱን ድብልቅ ጩኸት ነው። ይሄ ግን አንድ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ሲራመድ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ምት ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። ማሽኑ አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው። ቀስ በል ብትለው አይሰማም፤ ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል። መወርወሪያው በሄደ በተመለሰ ቁጥር ትኩሱ ጨርቅ ወደ እኔ ይጠቀለላል፣ ከጀርባ ያለው ድር ደግሞ ያንኑ ያህል ይሳሳል። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። እጄን ሳስቀምጥበት ሞቀኝ። መቼም የማላቆመው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ይህን የማስበው ድሩን እየጨረስኩ ነበር።

አባቴ መጥቶ ከማሽኑ ማዶ ቆመ። እንደ ድሮው በከንፈሩ ጠየቀኝ።

«ሚያን ኢክራም ምን አለሽ?»

«የሚጮህበት ወንድ ላኪልኝ አለ።»

አባቴ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለ። አፉ ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «በኔ ላይ ብዙ ዓመት ጮኋል» አለ። «አንዱንም አልሰማሁትም። ለዚያ ነው ተስማምተን የሠራነው።»

ከዚያ ጨርቁን በጣቶቹ መካከል ይዞ ዳሰሰው፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ፣ ጠርዙ ላይ። ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁንና ክንዱን ታጠበ፣ ግንባሩን አበሰ፣ ቆቡን ከሚስማሩ አውርዶ አደረገ፣ ጫማውን አጠለቀ። ለከቀትር በኋላው የዐስር ሶላት የሚወጣበት ሰዓት ነው። መስጊዱ ከበራችን በስተግራ ነው። በስተቀኝ ደግሞ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ አለ፣ ከዚያ እስከ ሰዓቱ ማማ፤ የክር ገበያ እስኪዘጋ ገና ጊዜ አለ፣ የሚጮህበት ወንድ የፈለገው ሚያን ኢክራምም እዚያው ነው። ወጣ። የጫማው ድምፅ በማሽኑ ድምፅ ውስጥ ጠፋ።

እናቴ ከመንገዱ በር ላይ ቆማ ትከተለዋለች በዓይኗ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ መዞሯን በጎን አየሁት፣ ፊቷን ግን አላየሁም። ወዴት እንደታጠፈ ማወቅ ብፈልግ ቀና ብዬ ከንፈሯን ማየት ብቻ ይበቃኝ ነበር። በዚያው ቅጽበት አንድ ክር ተበጠሰ። ማሽኑን አቁሜ ሁለቱን ጫፎች ፈልጌ አገኘሁ፣ ቋጠርኩ፣ መልሼ አስነሳሁት። እናቴ አሁንም እዚያው ቆማለች። ዓይኔን ከድሩ አላነሳሁም።